መቻልን ይዤ ወደ ሳን ሁዋን፦ አንድ ጥያቄ፣ 27 መልስ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሜይ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። የሲያትል ሐበሾች ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ጀልባ የሚያወሩበት የኢንተርኔት ክፍል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥ ሞተር ነው የሚለጠፍበት። መልስ ይመጣል ብዬም አልጠበቅኩም። ከሁለት ወር በኋላ ቆጥሬ ሳየው 27 ደርሷል። አንዳንዱን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። አንዳንዱ አንዴ መነበቡም ይበዛበታል።

የጻፍኩት ይህን ነበር። አምና 26 ጫማ ርዝመት ያላት ያገለገለች የሞተር ጀልባ ገዛሁ። የቤንዚን ሞተር አላት፤ ካቢኗ ለሁለት ሰው ይመቻል፣ ሦስተኛው እግሩን አጥፎ ይተኛል። ጁላይ ላይ ሲያትል ካለው የጀልባ ማቆሚያ፣ ከሽልሾል ማሪና ተነስተን፣ ባለቤቴ፣ ልጄና እኔ፣ በስተሰሜን ያሉት ሳን ሁዋን ደሴቶች ደርሰን ልንመለስ አስበናል። መሄጃው ብቻ ስድሳ የባሕር ማይል ገደማ ነው። አራተኛው ተሳፋሪ መቻል ነው። መቻል ውሻችን ነው፤ 28 ኪሎ ይመዝናል፣ ልጄ ናት ከመጠለያ ያመጣችው። ስሙን ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት። የአያቴ ግቢ ውሻም መቻል ይባል ነበር፤ ስሙ ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነበር።

ችግሩ መቻል ከሳር ሌላ ቦታ አይሸናም። አስፋልት ላይ እንኳ አይሸናም። ባሕር መሃል ምን ላድርገው? አልኩና መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ባልጨምራት ኖሮ መልሱ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ውሻ መዋኘት ስለሚችል ላይፍ ጃኬት አያስፈልገውም ብዬ ጻፍኩ።

ቁጥር 1 እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረና ጀልባዋን በስንት እንደገዛኋት ጠየቀ። አልመለስኩለትም።

ቁጥር 2 እህታችን ናት። በትሕትና፣ ግን ሳታለባብስ፣ መሳሳቴን ነገረችኝ። የፒዩጀት ሳውንድ፣ የዚህ የሲያትል ባሕር፣ ውሃ በበጋም ቢሆን 12፣ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እዚያ ውስጥ ውሻም ሰውም ጡንቻው ቶሎ ይዝላል። ጃኬቱ ደግሞ ለመንሳፈፍ ብቻ አይደለም። ጀርባው ላይ እጀታ አለው፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። የእሷ ውሻ ዳክዬ አይቶ ከኋላ ዘሎ ገብቷል። የጀልባው ጎን ለስላሳ ፋይበርግላስ ነው፣ ጥፍር አይዝም። ውሻው ዙሪያውን እየዋኘ ይቧጥጣል። ባሏ በሆዱ ተኝቶ እጁን ቢዘረጋ የሚጨብጠው እርጥብ ጸጉር ብቻ ሆነ። የአንገት ማሰሪያውን ይዞ ሲጎትት ማሰሪያው በጭንቅላቱ አልፎ እጁ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ትንሿን የጎማ ጀልባ ፈትተው፣ እሷ ወርዳ፣ ውሻውን ከኋላ አቅፋ ወደ ላይ ገፋችው። ጭረቶቹ እስከ ዛሬ ፋይበርግላሱ ላይ አሉ። ባሏ ላስፍቃቸው ሲል የምትከለክለው እሷ ናት።

ጃኬቱን በዚያው ሌሊት አዘዝኩ። ክሩ ላይ፣ ማለትም ጥያቄውና መልሶቹ የተደረደሩበት ገጽ ላይ፣ ግን ዝም አልኩ። ሰው ፊት ተሸንፌያለሁ ማለት ለእኔ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

ቁጥር 3 ብስጩ ነበር። አገር ቤት ሰው ጦሙን እያደረ እኛ እዚህ የውሻ ልብስ እንማከራለን ብሎ አፈረብን። ቁጥር 4 እሱን ያረመ መስሎ ወደ ሕግ ገባ። በዋሽንግተን ግዛት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ላይፍ ጃኬት ጀልባው ላይ መኖር አለበት፤ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ደግሞ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጀልባው ሲሄድ መልበስ ግዴታው ነው። ውሻ በቁጥር አይገባም። ቀጥሎ ስለ መንጃ ካርድ ጻፈ፤ ከ1955 ወዲህ የተወለደና 15 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሞተር የሚነዳ ሁሉ ካርድ ያስፈልገዋል። ይህ ከተራበው ሰው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ካርዱ ግን አለኝ።

ወደ ሽንቱ የመለሰን ቁጥር 5 ነው። እግዜር ይስጠው። አርቲፊሻል ሳር፣ የበር ምንጣፍ የምታህል፣ ግዛ ይላል። አንዱን ጥግ ብሳና ገመድ እሰርበት፣ ውሻው ከተጠቀመ በኋላ ባሕር ውስጥ ነክረህ አውጣው፣ ይታጠባል። ዋናው ሥራ ግን ቤት ነው። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ምንጣፉን ውሻው ሁልጊዜ የሚሸናበት ሳር ላይ አንጥፍ። ሲሸና አትጠበው፣ ጠረኑ ይቅር። ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያራቅህ ወደ በረንዳ አምጣው። የእሱ ውሻ በአሥራ ሁለት ቀን ለምዷል። ምንጣፉን ፎቶ አንስቶ ሁሉ ለጥፎታል፤ ባይለጥፈው ይሻል ነበር።

ፎቶው ቁጥር 6ን አስነሳው። ረጅም ነው የጻፈው። ውሻ እሱ ባደገበት ቤት ከበር መልስ አያልፍም፣ ማታ ይፈታል፣ ቀን ይታሰራል፣ ፍርፋሪውን በልቶ ግቢ ይጠብቃል። አሁን ግን አልጋ ላይ ይተኛል፣ ልደት ይከበርለታል፣ ይባስ ብሎ ሽንቱ በፎቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ የተሠራ ምግብ አልቀምስም ብሎ ደመደመ። ማንም አልጋበዘውም። በልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈረድኩበትም፤ እናቴ እዚህ መጥታ የከረመች ጊዜ መቻልን ሶፋችን ላይ ያየችበትን ዓይን አልረሳውም። ቁጥር 7 ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ አንተ ግን ባልበላህበት ትጮኻለህ የሚል ነገር ወረወረ። ተሰዳደቡ። ቁጥር 8 የክፍሉ ተቆጣጣሪ ነው፤ በጨዋ ደንብ አብርዱት አለ።

ቁጥር 9ን ሳነብ ነው ቁጭ ያልኩት። ሰውዬው ሳልሞን አጥማጅ ነው። አንድ ቀን ዶክ ላይ፣ ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ ላይ፣ ዓሣ እያጸዳ የጣለውን አንጀት ውሻው ላሰው። ሰውዬው ሳቀ። ከሳምንት በኋላ ውሻው መብላት ተወ፣ አተኮሰው፣ አስታወከው፣ አስቀመጠው። ምግብ ተመርዞ ይሆናል ብሎ ሩዝ ቀቅሎ ሰጠው። ሁለት ቀን በሩዝ አለፈ። የእንስሳት ሐኪሟ ገና ከማየቷ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ጥሬ ሳልሞን በልቷል ወይ? በዚህ ባሕር ዳርቻ የታወቀ በሽታ ነው። ሳልሞንና ትራውት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል አለ፤ ትሉ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ አለ፤ የሚገድለው ባክቴሪያው ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጀምራል። ካልታከመ ምልክት ካሳዩት ውሾች ከመቶ ዘጠናው ይሞታሉ፣ ያውም ዓሣውን ከበሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ። መድኃኒቱ ተራ አንቲባዮቲክ ነው፤ በጊዜ ከደረሰ ይድናል። የእሱ ውሻ ዳነ። አሁን ዓሣ ሲያጸዳ ውሻውን ካቢን ውስጥ ይዘጋበታል።

እኔ ደግሞ ጉዞው ላይ ዓሣ ለማጥመድ ዘንግ ገዝቼ ነበር። ለመቻልም ጭንቅላቱን ልሰጠው።

ቁጥር 10 ሰውንስ አይዝም ወይ ብሎ ክትፎ እስከ መጥራት ደረሰ። ቁጥር 11 የውሻ ዘር በሽታ መሆኑን፣ ድመትን እንኳ እንደማይነካ አስረዳ። ስለ ክትፎው ዝም አለ።

ቁጥር 12 አጭር ነበር። አገር ቤት ከሰል አያይዞ ቤት ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሬሳው ሲወጣ ያላየ፣ ወይ ያልሰማ አለ? የጀልባ ጭስም ያው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ጀልባ በዝግታ ሲሄድ ጭሱ ከኋላ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሻ ደግሞ መተኛት የሚወደው ኋላ፣ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታ ነው። ጠቋሚ መሣሪያ ግጠም፣ ውሻው ከተንገዳገደ ባሕር አዙሮት ነው ብለህ አትለፈው። ደግሞ የቤንዚን ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ማራገቢያውን አራት ደቂቃ አሠራው፤ የቤንዚን ትነት የጀልባዋ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ ይውጣ። ይህን ሁሉ በስድስት መስመር ጻፈ። እኔ በዚህ ክር ሽልማት ብሰጥ ለእሱ ነው።

ቁጥር 13 ደሴቶቹ ድረስ ከሄድክ አይቀር ካናዳን እየው አለ፤ ከስቱዋርት ደሴት ቅርብ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም። ቁጥር 14 ጮኸበት። መጮኹ ተገቢ ነበር። ካናዳ ውሃ ገብተህ ልታርፍ ከሆነ የጉምሩክ ማመልከቻ ዶክ ላይ ትቆማለህ፣ ትደውላለህ፤ ፈቃድ እስክታገኝ ከካፒቴኑ በቀር ከጀልባው የሚወርድ የለም። ውሻም አይወርድም፤ ሳሩን አሻግሮ እያየ ይቆያል። ሐኪም የፈረመበት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት መያዝ አለብህ። ስትመለስ ደግሞ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከኦገስት 2024 ጀምሮ ያወጣው ደንብ አለ፤ ውሻው ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፣ ፎርሙም በኢንተርኔት ይሞላል። ቁጥር 13 ድሮ እንዲህ አልነበረም ብሎ ተመለሰ፤ እሱ 15 ሆነ።

ቁጥር 16 ከዚሁ ተነስቶ ሌላ መንገድ ያዘ። እናቱ አርፈው አዲስ አበባ የቀረውን ውሻቸውን ማምጣት ይፈልጋል። ቁጥር 14 ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰለት፤ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች መንገዱ ይረዝማል። የደም ምርመራ አለ፣ በመንግሥት ሐኪም የሚረጋገጥ ወረቀት አለ፣ መግባት የሚቻለውም በተወሰኑ ኤርፖርቶች ነው። ሰውዬው አመስግኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ውሻው የት እንደደረሰ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

ቁጥር 18 ስለ ዓሣ ነባሪ አስጠነቀቀ። እዚያ የሚኖሩት ኦርካዎች ቁጥራቸው ከ80 በታች ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በዋሽንግተን ውሃ ላይ ጀልባ ሁሉ ከእነሱ 1,000 ያርድ መራቅ አለበት፤ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

ኦርካ የሚለው ቃል ነው መሰል ቁጥር 19ን ያመጣቸው። አንቱ እላቸዋለሁ፤ ሰማንያ የተጠጉ ናቸው። በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ ያገለገሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ለእኔ ምክር ሰጡ። ውሻውን በአንገቱ ከጀልባው ጋር አትሰር፤ ቢወድቅ ይሰቀላል። ካሰርክም በደረት ማሰሪያ፣ ገመዱም ጠርዙ ጋ እንዳይደርስ አሳጥረው። በውስጥ በኩል ሂድ፣ በሳራቶጋ መተላለፊያ፣ ላ ኮነር ላይ እደር፤ በጁዋን ደ ፉካ ሰርጥ በኩል ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ለውሻም ለሚስትም አይሆንም። ዲሴፕሽን ፓስ የሚባለውን ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ውሃው ጋብ ሳይል አትንካው፤ ግፊቱ እስከ 8 ኖት፣ በሰዓት 8 የባሕር ማይል፣ ይደርሳል።

ቀጥለው ይህን ጻፉ። የባሕር ኃይላችን ባንዲራ መርከብ ኢትዮጵያ ትባል ነበር። 95 ሜትር ገደማ ናት፤ አሜሪካኖቹ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ነው በውሰት የሰጡን። ከዚያ በፊት ስሟ ኦርካ ነበር። የተሠራችው ደግሞ እዚሁ ነው፣ በሌክ ዋሽንግተን መርከብ መሥሪያ፣ ሆተን፤ ውሃ የገባችው በ1942። ሆተን ዛሬ ኪርክላንድ ውስጥ ነው፣ የመርከብ መሥሪያው ቦታም አሁን ካሪሎን ፖይንት የሚባለው ሆቴልና ሱቅ ያለበት ዳርቻ ነው። ይህን ሳነብ፣ እኔ እዚያ ባለቤቴን ይዤ አይስክሬም በልቻለሁ! አልኩ። ከሐይቁ ወደ ባሕር መውጫው ጀልባን ከሐይቁ ከፍታ ወደ ባሕሩ በሚያወርደው የውሃ በር፣ በባላርድ ሎክ ነው፤ እኔ በሥራ ቀን ተሰልፌ የማልፍበት። እሷም በዚያው ወጥታ፣ በጦርነት ፓስፊክን አይታ፣ ምፅዋ ደርሳ፣ ለንጉሡ የሰላምታ መድፍ ተኩሳ፣ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ፣ በመጨረሻ ተቆራርጣ ብረቷ ተሸጠ። ሰውዬው እላይዋ ላይ የመርከቧን ናስ ሲወለውሉ ያደጉ ናቸው። ሲያትል ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ እዚህ መወለዷን ያወቁት ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው።

ሦስት ሰዓት ያህል ክሩ ላይ ማንም አልጻፈም። ከዚያ 20 እና 21 ምፅዋ የማን እንደነበረች ሊያስረዱን መጡ። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ሰረዛቸው፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

ቁጥር 22 እኔ ነኝ፣ ጁላይ ላይ፣ ከጉዞ መልስ። ስለ ጃኬቱ መሳሳቴን አምኜ ጀመርኩ። ላ ኮነር ላይ መቻል ከዶኩ ወርዶ ከተማውን ሁሉ አጠጣ፤ እዚያ ችግር አልነበረም። በማግስቱ እኩለ ቀን ስቱዋርት ደሴት ሪድ ሃርበር ደረስን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይዞታል። ምንጣፉን አነጠፍኩለት፤ አራት ሳምንት በረንዳ ላይ የለመደውን ያንኑ ምንጣፍ። ሄደ፣ አሸተተው፣ ዞሮ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቁጭ አለ። በጎማዋ ጀልባ ወደ ዳር ይዤው ስሄድ ውሃው ሸሽቶ ኖሮ ከሳሩ በፊት ሰማንያ እርምጃ ያህል ጭቃ አለ። ወረድኩ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠምኩ። መቻል አልወርድም አለ። 28 ኪሎ ውሻ፣ ከነጃኬቱ፣ አቅፌ ጭቃውን ተሻገርኩ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ሳሩ ላይ ሳስቀምጠው አልሸናም፤ መጀመሪያ ሦስት ዛፍ አሸተተ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ያወጣው እሱ ነው። የት እንደር ስንል ነፋስ የማይገባበትን ወደብ ሳይሆን ሳር የሚቀርበውን ነው ያየነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ያቃስታል፤ ባለቤቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች፤ እቀዝፋለሁ። ባይኖር ኖሮ ያንን ሰዓት አላየውም ነበር፤ ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ከቀዘፋው በቀር ድምፅ የለም። ሱሺያ ደሴት ላይ ደግሞ የግዛቱ ፓርክ ማሰሪያ ከ8 ጫማ አይርዘም ስለሚል አሳጥሬ ይዤው ዞርን። በዋሽንግተን የተገኘው የመጀመሪያው የዳይኖሰር አጥንት ከዚያች ደሴት ነው የወጣው፣ በ2012። ሁለተኛውን መቻል እንዳያወጣው ልጄ ፈርታ ነበር።

ምንጣፉስ? ሱሺያ ላይ ለማጠብ ነክሬው ቋጠሮው ተፈታ። ሰመጠ። ጉዞው ላይ አንዴም ሳይሸናበት።

ቁጥር 23 ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ ጣልክ ብሎ ገሰጸኝ። ልክ ነው። ቁጥር 24 ሪድ ሃርበር ውስጥ የፓርኩ ዶክ እንዳለ፣ ጭቃውን መርገጥ እንዳላስፈለገኝ ነገረኝ። ዶኩን አይቼዋለሁ፤ ለትልልቆቹ ጀልባዎች ብቻ መስሎኝ ነው። ቁጥር 25 ያ ምግብ አልቀምስም ያለው ቁጥር 6 ነው፤ ባሕሩ ላይ ማታ ማታ ይበርዳል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ውሻው ምንም አላለም። ይበርዳል አልኩት፣ ጃኬት ይዘህ ና።

ቁጥር 26 ለሽማግሌው የጻፍኩት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሎኩን አልፈን ወደ ሐይቁ እንገባለን፣ ካሪሎን ፖይንት ፊት ለፊት ሞተር አጥፍተን እንቆማለን፣ ከፈቀዱ ይምጡ አልኳቸው። በስልክ መለሱልኝ። የቀድሞ የመርከብ ጓደኛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ውሻውም ይምጣ፣ ግን በደረት ማሰሪያ።

ቁጥር 27 ጀልባዋን በስንት እንደገዛኋት ይጠይቃል። ቁጥር 1 ነው።